ድጋፉ ለወረዳ ይሁን ወይስ ለቤት?

ጎረቤቶቼ፣ ትናንት እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየማችን የተነሳውን ነገር ተኝቼም ሳስበው አደርኩ። አንድ ወንድማችን «መንግሥት ለመደበኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚያደርገው ድጋፍ በወረዳ ይመደብ፣ ዳር ያለው ወረዳ ብዙ ያግኝ፣ መሃል ያለው ይቀነስበት» አለ። በቅንነት ነው ያለው። እኔ ግን አልተስማማሁም።

የእኛኑ ብሎክ እዩት። አራተኛ ፎቅ ያለችው እናት ተከራይ ናት፣ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ልጇን የምታስተምረው። በሯ ፊት ለፊት ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ሁለት ቤት ያከራያል። ወረዳቸው አንድ ነው። ታዲያ ልጆቻቸው እኩል ይቀበሉ?

የተማሪ እናት፦ ርቀቱንስ የት ጣልከው ወንድሜ? የኔዋ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ ነው ታክሲ ሰልፍ የምትይዘው። ቃሊቲ ትወርዳለች፣ ከዚያ ለገሃር፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ። የከተማው ልጅ ነሽ ተብላ ዶርም አላገኘችም። ማታ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል። አራት ኪሎ ያለ ልጅ ይህን አያውቀውም።

መልስ፦ እህቴ፣ እውነትሽን ነው፣ መንገዱ ይቆጠር። ግን በልጅቷ ይቆጠር እንጂ በወረዳው አይሁን። እዚሁ አቅራቢያችን ቂሊንጦ፣ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የጎረቤት ልጅ እኮ ከዚሁ ብሎክ ነው የሚወጣው፣ መንገዱ ግን ከልጅሽ ጋር አይገናኝም።

ሌላ ጎረቤት፦ ወረዳ ሄዶ «ድሃ ነኝ» ብሎ ማጻፍ ያሳፍራል። ደብዳቤውንም ዘመድ ያለው ነው ቶሎ የሚያገኘው። ለአካባቢው በሙሉ ከተሰጠ ማንም ማንንም አይለማመጥም።

መልስ፦ ይሄ ከባድ ነጥብ ነው፣ አልክደውም። ግን ለከተማ ድሆች ድጋፍ የሚሰጠው የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም ሲጀመር ድሃውን በመለየት የሰፈሩ ሰው ነበረበት። እዚህም እንደዚያ ይሁን። ስሙ ይለጠፍ፣ ቅሬታ ያለው ይናገር። ማን በምን እንደሚያድር ከጎረቤት የበለጠ ማን ያውቃል?

ደግሞ ኮስት ሼሪንጉን፣ የዩኒቨርሲቲውን የወጪ መጋራት ዕዳ አትርሱ። ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ሊከፍል ይፈርማል። ያለው ቤተሰብ ከፍሎለት ይገላገላል፣ የድሃ ልጅ ግን ዋናው ዲግሪው ተይዞበት በቴምፖ፣ በጊዜያዊው ማስረጃ፣ ሥራ ሲፈልግ ይከርማል። ዕዳው ሲጻፍ ወረዳ አይጠየቅም፣ ድጋፉ ሲመጣ ለምን ይጠየቃል?

እሁድ የግቢው ስብሰባ ላይ ለወረዳው የምንጽፈው ነገር ካለ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ይግቡበት፦ ቤቱ በምን ይተዳደራል፣ ልጁ በቀን ስንት ታክሲ ይይዛል። የአራተኛ ፎቋን እናት እኔ ራሴ ሄጄ እጠራታለሁ፣ ጋገራዋን ትታ መምጣት ስለሚከብዳት ሰዓቱን ከሰዓት በኋላ አድርጉት።