ፓይና «ዘፈቀደ»፦ ፈቃዱ የማን ነው?

ጠያቂ፣ ከአዳማ፦ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ ፓይ ሳስተምር «አኃዞቹ በዘፈቀደ የተደረደሩ ይመስላሉ» አልኩ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ፈቃዱ የማን ነው?» ብትለኝ የምመልሰው አጣሁ። ቃሉ ለዚህ ይስማማልን?

መላሽ፣ ከሐዋሳ፦ መምህር፣ ተማሪዎ የቃሉን ሥር አግኝታዋለች። በግእዝ «ዘ» እንደ እኛ «የ» ሲሆን «ፈቀደ» ደግሞ ወደደ፣ ፈለገ ማለት ነው፤ ስለዚህ «በዘፈቀደ» የምንለው አንድ ሰው ደንብ ሳይጠብቅ ደስ እንዳለው ያደረገውን ነገር ነው። የፓይ አኃዞች ግን ፈቃጅ የላቸውም። የክበብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር አንድ ብቻ በመሆኑ፣ የመጀመሪያው ዜሮ ከነጥብ በኋላ በ32ኛው ቦታ ላይ የሚገኘው ማንም ቢያሰላው፣ መቼም ቢያሰላው ነው። «በነሲብ»ም አይሆንም፤ ሳያውቁ በግምት መሄድን ስለሚያመለክት የሰውየውን አለማወቅ እንጂ የአኃዞቹን ጠባይ አይገልጽም።

እኔ የምመርጠው «ዕጣ መሰል» የሚለውን ነው። የዕቁብ ዕጣ ለማንም እንደማያደላ ሁሉ፣ ፓይም ሲቆጠር አያደላም። ከነጥብ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 1,000,000 አኃዞች ውስጥ ለእያንዳንዱ አኃዝ የሚጠበቀው ድርሻ 100,000 ሲሆን፣ ከሁሉ ያነሰው ስድስት 99,548 ጊዜ፣ ከሁሉ የበዛው አምስት ደግሞ 100,359 ጊዜ ይገኛል፤ ልዩነቱም በእውነተኛ ዕጣ ከሚያጋጥመው አይበልጥም። «መሰል» የምትለዋን ግን እባክዎ አይጣሏት፤ ድልድሉ ያለ ማቋረጥ በዚሁ እንደሚቀጥል እስካሁን ያረጋገጠ የሒሳብ ሊቅ የለምና።

ጠያቂ፦ «ዕጣ» ሲባል «ዕጣ ፈንታ»ም ትዝ ይላል። አስቀድሞ የተወሰነ ነገር አያስመስለውም?

መላሽ፦ እንዲያውም ቃሉን የወደድኩት ለዚህ ነው፤ ፓይ አስቀድሞ የተወሰነ ሆኖ ሳለ አወጣጡ ዕጣ ይመስላልና። በአንጻሩ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቻምፐርናውን እ.ኤ.አ. በ1933 ያቀረበው፣ ከአንድ ጀምሮ ቁጥሮችን በተራ በመደርደር የሚጻፈው 0.123456789101112… አኃዞቹ እኩል እንደሚደለደሉ የተረጋገጠለት ቁጥር ነው። ሆኖም ቀጥሎ የሚመጣውን መቁጠር የሚችል ሕፃን እንኳ ስለሚናገረው፣ እርሱን «እኩል ተደልዳይ» እንጂ «ዕጣ መሰል» አልለውም።