ባንኩ ያለ ፍርድ ቤት ሐራጅ ሳያወጣብን ድርጅታችንን መልሰን ማዋቀር እንችላለን?

ጠያቂ፣ ከፍኖተ ሰላም

የተከበራችሁ የሕግና የንግድ ባለሙያዎች፣

በፍኖተ ሰላም አቅራቢያ ስንዴና በቆሎ የሚፈጭ የዱቄት ፋብሪካ አለን። ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሲሆን አባላቱ ወንድማማቾችና የቅርብ ዘመዶች ነን፤ ሥራ አስኪያጁ እኔ ነኝ። ለሕንፃውና ለመፍጫ መሣሪያዎቹ ከአንድ ባንክ የረጅም ጊዜ ብድር፣ ለእህል መግዣ ደግሞ የሥራ ማስኬጃ ብድር ወስደን ለዓመታት በወቅቱ ስንከፍል ቆይተናል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ግን መንገዱ በተደጋጋሚ እየተዘጋ፣ እህሉም ከገበሬው ወደ እኛ፣ ዱቄቱም ከእኛ ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ ዓባይ ማዶ ገበያ እንደልብ መድረስ አልቻለም። ፋብሪካው ቢበዛ በግማሽ ዐቅሙ ይሠራል፤ የባንኩ ወለድ ግን አይቆምም።

በቅርቡ ባንኩ በጻፈልን ደብዳቤ ውዝፉን ካልከፈልን በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት መያዣውን በሐራጅ እንደሚሸጥ ገልጿል። መያዣዎቹ ፋብሪካው ራሱና የታላቅ ወንድማችን መኖሪያ ቤት ናቸው። የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ ገና አልደረሰንም። ፍርድ ቤት ሳይፈርድ ንብረት መሸጥ እንዴት ሕጋዊ ሊሆን ይችላል? አዲስ አባል አስገብተን ወይም የጭነት ሥራውን ከፋብሪካው ለይተን ድርጅቱን መልሰን ብናዋቅር ሕጉ ከለላ ይሰጠናል? ፋብሪካው ከተሸጠ እኛ ብቻ ሳንሆን በዙሪያችን በቆሎውን ለእኛ የሚያስረክበው ገበሬም ገበያ ያጣል፤ ስለዚህ በጥንቃቄ እንድትመልሱልኝ እለምናለሁ።

የሕግ ጠበቃ፣ ከደብረ ማርቆስ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ጥያቄዎ ላይ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት ከእርሱ ልጀምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለገንዘቡ የመያዣውን ንብረት የሕጉን ሥርዓት ሳይከተል እንዲሸጥ የሚፈቅድ ውል ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ለባንኮች ብቻ የተሰጠ ልዩ ሥልጣን በመሆኑ ከዚህ ደንብ የወጣ ነው። በውሉ ላይ ይህ ከተስማማችሁበት፣ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ንብረቱን ራሱ በሐራጅ ሊሸጥና ስሙን ለገዢው ሊያዛውር ይችላል። የብድር ውላችሁን አውጥተው ያንብቡት፤ ይህ አንቀጽ በአብዛኛው የብድር ውል ውስጥ አለ፣ ተበዳሪው ግን ሲፈርም አያስተውለውም።

ይሁን እንጂ ከፍርድ ቤት ውጭ የሚወሰድ እርምጃ ማለት ከሕግ ውጭ የሚወሰድ እርምጃ ማለት አይደለም። አዋጁ ባንኩ በሐራጁ ሂደት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 394 እስከ 449 የተደነገጉትን እንዲከተል ያስገድደዋል፤ እነዚህን ተላልፎ በባለዕዳው ላይ ጉዳት ካደረሰ ኃላፊ እንደሚሆንም ይናገራል። ስለዚህ የማስታወቂያው አወጣጥ፣ የንብረቱ ግምት፣ የሐራጁ ቀንና ቦታ፣ የተጫራቾቹ ሁኔታ፣ እያንዳንዱ በሥርዓት መከናወኑን መከታተልና ማስረጃውን መያዝ መብትዎ ነው። በተለይ ግምቱን አጥብቀው ይዩት። መንገዱ እየተዘጋ ተጫራች ከአዲስ አበባ መምጣት በማይችልበት ወቅት የሚወጣ ሐራጅ የፋብሪካውን እውነተኛ ዋጋ አያወጣም፤ ገዢ ሲጠፋም ባንኩ ንብረቱን በግምቱ ራሱ ሊረከበው የሚችልበት መንገድ በአዋጁ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ የግሌን አስተያየት ልጨምር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት የማቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከሐራጁ በኋላ ካሣ ይጠየቃል መባሉ ለዚህ መብት በቂ ምላሽ ነው ብዬ አላምንም፤ የተሸጠ ፋብሪካ በካሣ ገንዘብ ተመልሶ አይቆምም። ቢሆንም ሕጉ ዛሬ ያለው በዚህ መልኩ ስለሆነ፣ እግድ አገኛለሁ በሚል ተስፋ ተቀምጦ መጠበቅን አልመክርዎትም።

ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ስለሚባለው፣ ግዴታውን ያልፈጸመን ሰው ከተጠያቂነት ስለሚያድነው ምክንያትም መጠየቅዎ አይቀርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1793 የእርስ በርስ ጦርነትንና ከመንግሥት የሚመጣ ክልከላን ከምሳሌዎቹ ውስጥ ይጠቅሳል። ነገር ግን ምክንያቱ ግዴታውን መፈጸም ፈጽሞ የሚከለክል መሆን አለበት፤ ሥራው መክበዱ ወይም የእህል ዋጋ መናሩ ብቻ አይበቃም። ፋብሪካችሁ በግማሽ ዐቅምም ቢሆን እየሠራ ስለሆነ፣ ይህን ክርክር ለድርድር እንጂ ዋና ምሽግ አድርጋችሁ አትያዙት።

ቀድሞ በባንክ ብድር ክፍል የሠራ፣ ከባሕር ዳር

እኔ ከጠረጴዛው ማዶ የነበርኩ ሰው ነኝና ባንኩ ምን እንደሚያስብ ልንገርዎ። ክፍያው 90 ቀን ካለፈው ብድሩ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ከጤነኞቹ ብድሮች ተራ ይወጣል፣ ባንኩም ብድሩ ባይመለስ ለኪሳራው መሸፈኛ የሚሆን መጠባበቂያ መያዝ ይጀምራል፤ ጊዜው በረዘመ ቁጥር የሚይዘው መጠባበቂያ እየጨመረ ይሄዳል። የብድር ኦፊሰሩ ለእናንተ ቢያዝንም እንኳ ይህ መመሪያ ያስገድደዋል። ባንኩ የሚያበድረው የአስቀማጮችን ገንዘብ በመሆኑም ጥብቅነቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አዋጅ 97/1990 የወጣውም በፍርድ ቤት በኩል ዕዳ ማስመለስ ዓመታት ይፈጅ ስለነበር ነው።

ስለዚህ ከባንኩ ጋር መነጋገር ያለባችሁ አሁን ነው፣ ማስጠንቀቂያው ከመድረሱ በፊት። አብዛኛው ተበዳሪ የሚያቀርበው «ጊዜ ስጡን» የሚል የልመና ደብዳቤ ነው። ባንኩን የሚያሳምነው ግን ፋብሪካው ዛሬ በወር ምን ያህል ኩንታል እንደሚፈጭ፣ ከዚያ ምን እንደሚተርፈው፣ ከዚህም ምን መክፈል እንደሚችል፣ መንገዱ ሲከፈት ይህ እንዴት እንደሚለወጥ በሂሳብ የሚያሳይ ዕቅድ ነው። የሥራ ማስኬጃ ብድሩ ወደ ረጅም ጊዜ ብድር እንዲዞርላችሁ፣ ለተወሰነ ጊዜ ወለዱን ብቻ እንድትከፍሉ፣ ዋናው ከመኸር በኋላ እህል በሚገባበት ወቅት እንዲከፈል ጠይቁ። ለጎጃም የዱቄት ፋብሪካ በየወሩ እኩል ክፍያ መመደቡ ከመጀመሪያውም ስሕተት ነው፤ ገንዘቡ የሚገባው በምርት ወቅት ነውና።

አባላቱ ከኪሳቸው ጥቂትም ቢሆን ማምጣታቸው ከማንኛውም ቃል ይበልጣል። የማይሠራ መኪና ወይም ትርፍ መሣሪያ ካላችሁ በራሳችሁ ፈቃድ ሸጣችሁ ዕዳውን ቀንሱ፤ በፈቃድ የሚሸጥ ንብረት በሐራጅ ከሚሸጠው የተሻለ ዋጋ ያወጣል። የተስማማችሁበትን ሁሉ በጽሑፍ አስፍሩት። ከቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ጋር በቃል የተደረገ መግባባት ዋናው መሥሪያ ቤት ሲጠይቅ አይገኝም።

ጠያቂ፣ ከፍኖተ ሰላም

እግዜር ይስጥልኝ። ወንድማችን ቤቱን ያስያዘው እኛን አምኖ ስለሆነ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ የእርሱ ጉዳይ ነው። ድርጅቱን መልሰን ብናዋቅር ቤቱም አብሮ ይተርፋል? ከዚህ ሌላ፣ ባንኩም ሆነ እህል በዱቤ የሰጡን ነጋዴዎች የሚያከብሯቸው ሽማግሌዎች አሉ። በእነርሱ በኩል መጨረስ ይቻላል?

የንግድ ሕግ መምህር

ዋናው ነገር አሁን ተነሣ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የ1952ቱን የንግድ ሕግ የኪሳራ ክፍል ሙሉ በሙሉ በመተካት ለተቸገረ ነጋዴ ሦስት በሮች ከፍቷል። የመጀመሪያው ገና መክፈል ላላቋረጠ፣ ነገር ግን ወደዚያ እያመራ ላለ ባለዕዳ የተዘጋጀ የቅድሚያ መከላከያ መልሶ የማዋቀር ሥርዓት ነው፤ አመልካቹ ራሱ ባለዕዳው ነው፣ ሥራውንም ማስተዳደሩን ይቀጥላል። ሁለተኛው ክፍያ ያቋረጠ ነገር ግን ሊድን የሚችል ድርጅት በፍርድ ቤት ክትትል ዕቅድ አውጥቶ የሚደራጅበት ነው። ሦስተኛው ኪሳራ ነው። የቀድሞው ሕግ ትኩረት የከሰረውን ሰው ንብረት ሰብስቦ ማከፋፈል ላይ ነበር፤ የአዲሱ ሕግ መንፈስ ሊድን የሚችለውን ድርጅት ማዳን ነው።

ታዲያ ይህ ሥርዓት ሲጀመር ባንኩ በአዋጅ 97/1990 የጀመረው ሐራጅ ይቆማል ወይ? ይህን በጥንቃቄ መመልከት ይገባል። ባንኮች የሚከራከሩት አዋጅ 97/1990 ልዩ ሕግ ስለሆነ አጠቃላዩ የንግድ ሕግ አይሽረውም በማለት ነው። በእኔ አመለካከት ግን መልሶ የማዋቀር ሥርዓት ሙሉ ትርጉሙ ባለገንዘቦች በየግላቸው የሚወስዱትን እርምጃ ለተወሰነ ጊዜ ገትቶ ሁሉም በአንድ ዕቅድ ላይ እንዲወስኑ ማድረግ ነው። ዋናውን መያዣ የያዘው ባለገንዘብ ከዚህ ውጭ ከሆነ፣ ፋብሪካው ሲሸጥ ሌሎቹ ተሰብስበው የሚወስኑበት ነገር አይኖርም፤ ሕግ አውጪው ባዶ ሥርዓት ለማቋቋም አስቦ ነበር ማለትም አይቻልም። በተጨማሪም የንግድ ሕጉ የኋለኛ ሕግ ነው፣ የኪሳራንም ጉዳይ በተመለከተ ልዩ ሕግ የሚባለው እርሱ ነው። ይህን ክርክር ለማቅረብ ግን ማመልከቻው ሐራጁ ከመውጣቱ በፊት ፍርድ ቤት መግባት አለበት። ከተሸጠ በኋላ የሚቀርብ ክርክር ከገዢው መብት ጋር ተጋጭቶ ይወድቃል።

የወንድምዎን ቤት በተመለከተ በግልጽ ልናገር፤ ሥርዓቱ የሚከላከለው ባለዕዳውን ድርጅት ነው። ለሌላ ሰው ዕዳ ንብረቱን ያስያዘ ሰው በዚያው ብቻ ከለላ አያገኝም። ስለዚህ ከባንኩ ጋር በምታደርጉት ድርድር የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ቤቱ ከመያዣነት እንዲለቀቅ፣ ካልሆነም ፋብሪካው ሳይሸጥ ወደ ቤቱ እንዳይኬድ የሚል ይሁን። ባንኩም ብዙ ጊዜ ቤቱን መጀመሪያ የሚሸጠው ቶሎ ገዢ ስለሚያገኝ ነው። ወንድምዎም በማንኛውም የውል ማሻሻያ ላይ ተገኝቶ አንብቦ ይፈርም፤ በስሙ ሌላ ሰው አይወስን።

ሽምግልናውን በደስታ እደግፋለሁ። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አዋጅ ቁጥር 1237/2013 የኪሳራ ውሳኔንና የንግድ ማኅበር መፍረስን በግልግል ዳኝነት ከሚታዩት ጉዳዮች ውጭ አድርጓል፤ ስለዚህ ሽማግሌ ድርጅቱ ከስሯል ወይም ፈርሷል ብሎ ሊወስን አይችልም። በዱቤ እህል የሰጧችሁ ነጋዴዎች ግን ክፍያቸውን እንዲያራዝሙ ወይም ዕዳቸውን ወደ አባልነት ድርሻ እንዲለውጡ ማስማማት ይችላል። የግል ማኅበር አባላት ቁጥር ከ50 እንዳይበልጥ መጠንቀቅና የመመሥረቻ ጽሑፉን አሻሽሎ ማስመዝገብ ብቻ ያስፈልጋል። የጭነት ሥራውን ለይቶ በሌላ ማኅበር ስም ማቋቋምም ሕጉ የሚፈቅደው ነው፤ ነገር ግን መኪኖቹን ከባንኩ ለማሸሽ የተደረገ መስሎ ከታየ ተግባሩ ሊፈርስ፣ እርስዎም በግል ሊጠየቁ ይችላሉ። ባለገንዘቦቹ ሳያውቁ ምንም ንብረት አያዛውሩ።

የሂሳብ ባለሙያ፣ ከቡሬ

ሁለት ነገር ልጨምር። ያለ ፍርድ ቤት ንብረት መያዝ የሚችለው ባንኩ ብቻ አይደለም፤ የፌደራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ለታክስ ባለሥልጣኑም ንብረት የመያዝና በባንክ ያለ ገንዘብን የማገድ ሥልጣን ሰጥቶታል። ስለዚህ የገቢዎችን ውዝፍ ከዕቅዱ ውስጥ አስገቡት፤ ከባንኩ ጋር ተስማምታችሁ ስታበቁ የሥራ ማስኬጃ ሂሳባችሁ ቢታገድ ስምምነቱ በዚያው ይፈርሳል።

ሁለተኛው የሠራተኞች ጉዳይ ነው። ፋብሪካው ሥራ የሚያቆምበት ጊዜ ካለ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በእናንተ ጥፋት ያልመጣ የገንዘብ ችግር ሥራውን ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት የሚያስቆም ሲሆን የሥራ ውሉን ለጊዜው ማገድን ይፈቅዳል፤ ምክንያቱን በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ ግን ግዴታ ነው። ይህን ሳታደርጉ ሰዎቹን «ቤታችሁ ቆዩ» ካላችኋቸው ያልተከፈለ ደመወዝ እየተጠራቀመ ሌላ ዕዳ ይሆንባችኋል።

የሕግ ጠበቃ፣ ከደብረ ማርቆስ

ከመምህሩ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ። የምጨምረው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። በዚህ ሳምንት የአባላት ጉባኤ ጠርታችሁ ከባንኩ ጋር እንድትደራደሩና አስፈላጊ ከሆነ የመልሶ ማዋቀር ማመልከቻ እንድታቀርቡ በቃለ ጉባኤ ወስኑ፤ ይህ ካልተያዘ ሥራ አስኪያጁ ብቻውን የወሰደው እርምጃ በኋላ በራሱ አባላት ሊካድ ይችላል። ዕቅዱን ለባንኩ ስታስገቡ የደረሰኝ ማኅተም ያለበት ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ። ማመልከቻውንም ከወዲሁ አዘጋጅታችሁ ያዙት፤ ባንኩ ዕቅዱን ሳይቀበል የ30 ቀኑን ማስጠንቀቂያ ከላከ በማግሥቱ ፍርድ ቤት መግባት እንድትችሉ።