ስክሪፕቱ በተርሚናል ይሰራል፣ በብሮውዘር እምቢ አለ፤ 777ም አልፈየደም

የለገሃር ልጅ፦
ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛል። ቢሯችን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው፣ አይቲ የምባለው እኔ ብቻ ነኝ። ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት) ሰርቨር ላይ የዌብ ሰርቨሩ አፓቼና ስክሪፕቱ የተጻፈበት ፒኤችፒ አለን። ገቢ ደብዳቤ ስካን ተደርጎ በብሮውዘር ሲጫን፣ ስክሪፕቱ ፒዲኤፉን መዝገብ ቤት ባለው የዊንዶውስ ኮምፒውተር ሼር ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ፎልደሩ ሰርቨሩ ላይ ማውንት ተደርጓል፣ ማለትም በሰርቨሩ አንድ ፎልደር ላይ ተገናኝቶ እንደ ራሱ ፎልደር ይታያል። የሰራው ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ነው፣ ስራ ለቋል፣ ስልክም አያነሳም።

አርብ ማታ መብራት ሄደ፣ ዩፒኤሱም ወዲያው ሞተ። ቅዳሜ ጠዋት ሰርቨሩን ሳበራው ስክሪፕቱ "ፐርሚሽን ዲናይድ" ይላል። ፎልደሩን ቺሞድ 777 አልኩት (ማንም እንዲጽፍበት ፈቀድኩ)፣ ሰራ። ደስ ብሎኝ ማኪያቶ ልጠጣ ወጣሁ። ጸሐፊዋ እስከ 6 ሰዓት 14 ደብዳቤ አስገባች። ሰኞ ጠዋት ሰርቨሩን ሪስታርት ባደርገው ያው ስህተት ተመለሰ፤ አሁን ቺሞድ ስለው ምንም ሳይል ያልፋል፣ ስፈትሸው ግን አሁንም 755 (ባለቤቱ ብቻ የሚጽፍበት) ነው። የቅዳሜዎቹ 14 ደብዳቤዎችም የሉም! በሱዶ (በአስተዳዳሪ መብት) ከተርሚናል ሳስኬደው ደግሞ ያለ ችግር ይጽፋል። አለቃዬ በየአስር ደቂቃው ይደውላል።

ቡና በስኳር፦
ሲኢሊኑክስ ነው (የሊኑክስ ተጨማሪ የደህንነት ጥበቃ)። እኛ ጋ ሮኪ ሊኑክስ ላይ ልክ እንደዚህ አድርጎን ነበር፣ አፓቼ የኔትወርክ ፎልደር እንዲነካ የሚፈቅደውን ማብሪያ ስናበራለት ተለቀቀ።

ሽማግሌው አድሚን፦
ኡቡንቱ ነው እያለህ። እዚያ ከመነሻው ያለው ጥበቃ አፕአርመር ነው፣ ሲኢሊኑክስ አይደለም።

የለገሃር ልጅ፣ በሱዶ ሰራ ማለት ምንም አያረጋግጥልህም፣ ሩት (ዋናው አስተዳዳሪ) የማይገባበት በር የለማ። ስክሪፕቱን ከብሮውዘር የሚያስኬደው አፓቼ ነው፣ አፓቼ ደግሞ በኡቡንቱ ላይ የራሱ ዩዘር አለው፣ ደብሊው-ደብሊው-ደብሊው-ዳታ የሚባለው። ስትሞክር በእሱ ስም ሞክር፤ ሱዶ ሰረዝ ዩ (sudo -u) ብለህ የእሱን ስም ስጥና በፎልደሩ ውስጥ አንድ ባዶ ፋይል ፍጠር። እምቢ ካለ ችግሩ ፍቃዱ ላይ ነው፣ ፒኤችፒውን አትንካው።

አሁን ወደ 755ቱ። የዊንዶውስ ሼር በሲአይኤፍኤስ (በዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ መንገድ) ሲማውንት የሊኑክስ ባለቤትና ፐርሚሽን እዚያ ማዶ የለም። የምታየው ቁጥር ሲማውንት ከተሰጠው ትእዛዝ የተቀዳ ነው። ምንም ካልተነገረው ባለቤቱን ሩት፣ ፐርሚሽኑን 755 ያደርገዋል። ስለዚህ አፓቼ ያነባል፣ አይጽፍም። ቺሞድ ብትለው እሺ ብሎህ ይተኛል። ያ ልጅ፣ እንደ ግምቴ፣ ዩዘሩን ጠቅሶ በእጁ ማውንት አድርጎት ሄዷል፣ ኤፍኤስታብ (ሰርቨሩ ሲነሳ ምን እንደሚማውንት የሚነግረው ፋይል) ውስጥ ባለው መስመር ግን ዩዘሩን አልጻፈውም። ሰርቨሩ ጠፍቶ ስለማያውቅ ማንም አላወቀበትም፣ መብራት ሲሄድ ጉዱ ወጣ።

ኤፍኤስታብ ውስጥ በዚያ መስመር ላይ ዩአይዲና ጂአይዲ (የባለቤቱና የቡድኑ ቁጥር) 33 ጨምር፣ ኡቡንቱ ላይ የአፓቼው ዩዘር ቁጥር ነው። ዲር ሞድ (የፎልደሮቹ ፍቃድ) 0770፣ ፋይል ሞድ (የፋይሎቹ) 0660። ፓስወርዱን እዚያው መስመር ላይ አትጻፈው፣ ለብቻው ፋይል አድርገህ ያንን 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበው) ስጠው። በዊንዶውሱ በኩል ደግሞ የሼሩ ፍቃድም የፎልደሩ የራሱ ፍቃድም ይታያሉ፣ ከሁለቱ ጠበቅ ያለው ነው የሚሰራው።

ስለ 14ቱ አንድ ነገር ንገረኝ፦ ቅዳሜ የመዝገብ ቤቱ ኮምፒውተር በርቶ ነበር?

የለገሃር ልጅ፦
አልበራም ጋሼ፣ በሩ ተቆልፎ ቁልፉ ከኃላፊው ጋር ነበር። ሰኞ ጠዋት ነው የተከፈተው።

ሽማግሌው አድሚን፦
በቃ፣ አልጠፉም። ቅዳሜ ማውንት የሚሆነው ነገር አልነበረም፣ ስለዚህ 777 የሰጠኸው ለራሱ ለሰርቨሩ ባዶ ፎልደር ነው። ደብዳቤዎቹ እሱ ውስጥ ገቡ። ሰኞ ሼሩ ላዩ ላይ ማውንት ሲሆን ሸፈናቸው። ምንጣፍ አንስተህ ከስር እንደማየት ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሲወጣ አንማውንት አድርግና ግባ። ከወሰድካቸው በኋላ ባዶውን ፎልደር ቻተር ፕላስ አይ በለው (ምንም እንዳይጻፍበት የሚቆልፍ ትእዛዝ ነው)። ከዚያ ወዲያ ሼሩ ሳይኖር ማንም አይጽፍበትም፣ ስክሪፕቱ ወዲያው ይጮሃል። መጮሁ ይሻላል።

አራት ኪሎ፦
ያ 777 ሌላም ቦታ ካለ እግረ መንገድህን አንሳው። ኢንተርን ሳለሁ ሙሉ የዌብ ፎልደሩን 777 አድርጌ፣ አንዱ ከውስጥ ኔትወርክ ገብቶ የሎጊን ገጹን ቀይሮብኝ ነበር። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም፣ ሳቁ ግን የመጣው ከፋይናንስ ክፍል ነው።

የለገሃር ልጅ፦
ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ! 33 ጨምሬ እንደገና ማውንት ሳደርገው ወዲያው ጻፈ። መጀመሪያ ግን ሌላ ስህተት መጣብኝ፣ ኤፍኤስታብ ውስጥ ከኮማ በኋላ ክፍት ቦታ ትቼ ነበር፣ ግማሽ ሰዓት በላኝ።

14ቱም ከስር አሉ። ጸሐፊዋ ግን ከእነሱ ውስጥ 9ኙን ዛሬ ጠዋት እያማረረች እንደገና ስካን አድርጋለች። እስካሁን አልነገርኳትም።