መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም፤ የእማዬ ኢንሱሊን ተበላሽቷል?

ልጇ፦ እባካችሁ ቶሎ! መብራት ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ኢንሱሊኗ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ተበላሽቷል ብዬ ፈርቼ ማታም ዛሬ ጠዋትም አልወጋኋትም። አሁን ስኳሯ 340 ነው። ልጣለው?

አባ ምክር፦ የስኳር ሕመምተኛ እንጀራ ይቀንስ፣ በእግሩ ይንቀሳቀስ፣ እግሩን በየቀኑ ይይ። ይኼን ስንቴ ጻፍኩ?

ቅመም፦ ጋሼ፣ የጠፋው መብራት ነው፣ እንጀራ አይደለም።

ሸክላ ወዳድ፦ ሁለት ማሰሮ፣ አንዱን አንዱ ውስጥ። መሃላቸው አሸዋ ሙላና ውኃ አጠጣው። ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልለህ ውስጠኛው ውስጥ።

ፈጣኑ፦ በረዶ ላይ አስቀምጠው፣ አለቀ!

ነርሷ፦ ኧረ በረዶ እንዳይነካው! አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢሟሟም ይጣላል። የት ናችሁ? እንደ ሎጊያ ያለ ቆላ ወይስ ደጋ? ብልቃጡ መቼ ተከፈተ?

ልጇ፦ ደብረ ብርሃን። ከተከፈተ 2 ሳምንቱ። እንደ ወተት ነጭ ነው።

ቅመም፦ ደብረ ብርሃን በነሐሴ? ከተማው ራሱ ፍሪጅ አይደል እንዴ!

ነርሷ፦ ቀልዱ እውነት ነው። የተከፈተ ብልቃጥ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ካልበለጠ ውጭ ተቀምጦ 4 ሳምንት ይቆያል። ስኳሯን የሰቀለው መብራቱ አይደለም፣ የዘለልከው መርፌ ነው። ብልቃጡን በመዳፍህ ቀስ አድርገህ አንከባልለው። እኩል ከነጣ ደህና ነው። ከጓጎለ ወይም ጠርዙ ላይ ከተጣበቀ ጣለው። ያመለጠውን ደርበህ እንዳትወጋ፤ ክትትል የምታደርግበት ቦታ አሁኑኑ ደውልና መጠኑን ጠይቅ። ካስመለሳት፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰች ወይም ከደነዘዘች ሳትውሉ ሳታድሩ ድንገተኛ ክፍል።

ልጇ፦ እሺ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ «ተበላሸ» ስላት ደስ አላት። ፍልሰታ ነው፣ እስከ 9 ሰዓት ሳትበላ መዋል ትፈልጋለች። መርፌውን የምትሸሸው ለዚያ ይመስለኛል።

የደሴዋ፦ የኔም እናት እንዲሁ ነበረች። ተወግታ ስትጾም አንድ ቀን ስኳሯ ወርዶ ወደቀች፤ ውኃ ውስጥ 3 ማንኪያ ስኳር በጥብጠን አጠጥተን ነው ያተረፍናት። እኛ ብንጨቀጭቃትም አልሰማችም። ንስሐ አባቷ «በሕመም ላይ ያለ አይገደድም» ሲሏት ግን በማግስቱ ቁርስ በላች። አንተም የእናትህን ንስሐ አባት ያዝ።

ሸክላ ወዳድ፦ ሁለት ማሰሮ፣ መሃሉ እርጥብ አሸዋ...

ቅመም፦ ሰምተናል ጋሼ!

ነርሷ፦ ልጇ፣ ደወልክ? ስኳሯ ስንት ሆነ?

የደሴዋ፦ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ይሆናል። መብራት የለማ።