«ክፍል ክፍል ነው»፦ ለትምህርት ቤት የተለየ አርክቴክት ይፈለጋል ወይስ ቅንጦት?

ዓባይ ማዶ፦ ትናንት ስለ ትምህርት ቤት ግንባታ ሲመከር አንዱ ተናጋሪ «ክፍል ክፍል ነው፤ ታይፕ ዲዛይን (ለየትኛውም ቦታ የሚያገለግል አንድ ዝግጁ ፕላን) እያለ የትምህርት ቤት አርክቴክት ቅንጦት ነው» ብሎ ተጨበጨበለት። ለደብረ ታቦር ብርድ የተሣለው ብሎክ ባሕር ዳር ሙቀት ላይ ይተከል ማለት ነው?

ፎርማን፦ ምን አጠፋ? 7 በ9 ሜትር፣ አራት ክፍል፣ በረንዳ፣ ቆርቆሮ። ለአርክቴክት የሚወጣው ብር ዴስክ ይግዛበት።

ጣናው፦ ክፍል ክፍል ከሆነ እስቲ ብሎኩን አዙረው። ረጅሙ ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ካልተዘረጋ መስኮቱ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ይጠጣል፤ ዝቅ ብላ የምትገባን ፀሐይ ደግሞ ክፈፍ (ከመስኮቱ በላይ የሚወጣው የጣሪያ ጠርዝ) አይመልሳትም። መስኮቱ ወደ ደቡብ ቢሆን ታኅሣሥ ቀትር ላይ እንኳ 55 ዲግሪ ገደማ ከፍ ስለምትል፣ ለ1.5 ሜትር መስኮት ከአናቱ 1 ሜትር ከ10 የወጣ ክፈፍ ይበቃል። እኛ ግን ብሎኩን አስፋልት ተከትለን እንተክላለን።

ፎርማን፦ ኮምፓስ ለመያዝ ማስትሬት ያስፈልጋል?

ጣናው፦ ቦታ ጠቦ ጂ+3 (ምድር ቤትና ከላዩ ሦስት ፎቅ) ሲሆንስ? ኮሪደሩ መሃል ይገባል፣ ክፍሉ በአንድ ጎን ብቻ መስኮት ይቀርለታል። የጣና ነፋስ ይገባል፣ መውጫ የለው። ግድግዳ ዳር የተቀመጠው ልጅ ቀን በመብራት ይጽፋል።

የፖሊ ልጅ፦ ፀሐዩን ተዉትና መሬቱን እዩ። ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። ጥቁሩ ተጠርጎ ሴሌክት (የማያብጥ የተመረጠ አፈር) በየ20 ሳንቲው ካልተጠቀጠቀ፣ ሃርድኮር (የወለል ሥር ድንጋይ) ብቻ ደፍቶ ሊሾ መገረፍ ብር መቅበር ነው። ወለሉ ይሰነጠቃል፣ ከመስኮቱ ማዕዘን ሰያፍ ስንጥቅ ይወጣል፣ በሩ አልዘጋ ይላል።

ዓባይ ማዶ፦ እሱ የስትራክቸር መሐንዲስ ሥራ ነው፤ አርክቴክቱ ላይ አትጫን።

የፖሊ ልጅ፦ የጣሪያውን ውሃ መሠረቱ ሥር የሚያፈሰው ማን ሆነና! አሸንዳውና ዲቹ (የውሃ መውረጃ ቦዩ) ድሮዊንጉ ላይ ከሌሉ ኮንትራክተሩ በጽድቅ ይሠራዋል? ፖሊን (የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክን) ሶቪየቶች በ1963 እ.ኤ.አ. ሲያቋቁሙ የሞስኮን ታይፕ ገልብጠው ነበር እንዴ?

ፎርማን፦ ይኸው፣ ፖሊ ሳይነሳ ክርክር አያልቅ።

ዓባይ ማዶ፦ ኮርኒስስ? ሰኔ ፈተና ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መምህሩ መመሪያ ማንበብ አይችልም። ይሄም ክፍል ነው?

ፎርማን፦ ኮርኒስ ታይፑ ላይ አለ። ብር ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው።

ጣናው፦ ማን ነው የሚቀንሰው?

ፎርማን፦ አርክቴክቶቻችሁን ጠይቃቸው፤ ቫሪዬሽኑ (የሥራ ለውጥ ሰነዱ) ላይ የሚፈርሙት እነሱ ናቸው።

የፖሊ ልጅ፦ አሁን ገና «ቅንጦት» አልነበሩም እንዴ? ለመፈረም ጊዜ ከየት ተገኙ?