የኔ 4 የሱ 5 ልጅ፣ ደሴና ኮምቦልቻ፣ አንድ ቤት እንግባ ወይስ ይቆይ?

የጦሳ ስር፦
አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። ስሜን አልጽፍም፣ ደሴ ላይ የማይተዋወቅ ሰው የለም። የ4 ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ በ2013 ታሞ ነው የሞተብኝ አላህ ይዘንለት፣ ብዙም ሳይቆይ በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ሰው ሁሉ በጦርነቱ ከደሴ ሲወጣ እኔም አራቱን ይዤ ወጣሁ፣ ትልቁ ልጄ ያኔ 11 አመቱ ነው ትንሿን አዝሎ የሀረጎን ቁልቁለት በእግሩ ነው የወረደው። ከዛን ቀን ጀምሮ ራሱን እንደ አባወራ ነው የሚያየው። አሁን 15 ሆኖታል፣ ማታ በር የሚዘጋው እሱ፣ ታናናሾቹን ለሱብሂ የሚቀሰቅሰው እሱ፣ የመብራት ካርድ ሞልቶ የሚመጣው እሱ።

አሁን አንድ ኮምቦልቻ የሚኖር ሰው ሽማግሌ ልኮልኛል። ሚስቱ 5 ልጅ ትታለት ነው የሞተችው። ጨዋ ነው፣ ሰርቶ አዳሪ ነው፣ ቤተሰቦቼም ወደውታል፣ እኔም እውነቱን ለመናገር ብቻዬን መሆን ሰልችቶኛል። ኒካው ከረመዳን በኋላ ይሁንና ሁላችሁም ኮምቦልቻ ግቡ ይላል።

ችግሩ ትልቋ ልጁ ናት። 19 አመቷ ነው 12ኛ ክፍል፣ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ቤቱን ቀጥ አርጋ የያዘችው እሷ ናት። ባለፈው ቤታቸው ተጠርቼ ሄጄ ቡናውን እኔ ላፍላ ብዬ ተነሳሁ፣ ገና ጀበናውን ከመደርደሪያ ሳነሳ "እሱ የእማ ነው" ብላ ከእጄ ወሰደችውና ሌላ አዲስ ጀበና አምጥታ ሰጠችኝ። በስርአት ነው እኮ ድምጿን እንኳ አላነሳችም፣ ግን እስከ በረካው ድረስ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። የኔው ልጅ ደሞ "አንቺ ሂጂ እኔ የአባቴን ቤት እጠብቃለሁ" ብሎ ዘግቶኛል። የሟች ወንድሞች በበኩላቸው የወንድማችን ቤት ሌላ ወንድ አይገባበትም ይላሉ፣ ሰውየው ደሞ የደሴው ቤት ይከራይና ኪራዩ ለሁላችን ይሁን ይላል። ግራ ገባኝ። 9 ልጅ በአንድ ጣራ ስር የሞከራችሁ ካላችሁ ከየት ነው የሚጀመረው? አትግቢበት የምትሉም በሉ ግን ስድብ አልፈልግም።

ባጃጅ 03፦
9 ልጅና 2 ወላጅ 11፣ እህቴ ባጃጅ አይበቃችሁም ሚኒባስ ግዙ። ቀልዴን ነው አላህ ያግራላችሁ።

የቦርከና ዳር፦
አብሽሪ እህቴ። እኔ 3 ይዤ 4 ልጅ ያለው ሰው ቤት ነው የገባሁት እዚሁ ኮምቦልቻ፣ እና እውነቱን ልንገርሽ የመጀመሪያው አመት አንድም ቀን በትልቅ ነገር ተጣልተን አናውቅም፣ የሚያጣላን ሻይ ላይ የሚገባ ስኳር፣ ማን ፎጣ ማን ነካ፣ ጠዋት ሽንት ቤት ማን ቀደመ፣ የደሴ ልጅ ብርድ ለምዶ መስኮት ልክፈት ሲል የኮምቦልቻው ትንኝ ይገባል ዝጋ ሲለው፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ይሄንን ናቂው ያልፋል። እንጀራውን ግን ከአሁኑ አስቢበት፣ ለ11 ሰው የጋገርሽው ሁለት ቀን አያድርም፣ እሱን ብቻሽን እሸከማለሁ ካልሽ በ3 ወር ውስጥ በሁሉም ላይ የምትጮሂ ሴት ትሆኛለሽ፣ ከኒካው በፊት ማን ይጋግራል የሚለውን ከሰውየው ጋር ተነጋገሩ፣ ተከፍሏት የምትጋግር ሴት ብትኖር እንኳ ይሻላል።

ስለ ልጅቷ፣ ያን ጀበና በጭራሽ እንዳትነኪው። ግን አንድ ነገር ልብ በይ፣ ይቺ ልጅ ዘንድሮ ማትሪክ ተፈታኝ ናት። ቤቱን የያዘችው ወዳ አይደለም የሚይዝ ሰው ጠፍቶ ነው፣ አንቺ ስትመጪ ደሞ ሸክሙም ወግ ማዕረጉም አብሮ ሊሄድባት ነው። ሸክሙን ብቻ ተቀበያት። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ፣ የአስቤዛው ብር፣ እሱ እሷ ጋር ይቆይ። "እስክትፈተኚ ወጡንና የትናንሾቹን ልብስ እኔ ልያዝልሽ" ብለሽ አንቺው ጠይቂያት፣ እሺ ካለችሽ ያዢ እምቢ ካለች ተዪ። እና ኒካውን አስራችሁም ቢሆን ልጆቹን አንድ ቤት የምታስገቡት ክረምት ላይ ይሁን፣ በትምህርት መሀል 4 ልጅ ማዘዋወር ምን አስቸኮለ? ሲያሰኛችሁ ሄዳችሁ ዋሉ፣ ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎሜትር አይሞላም እኮ።

ያደገ የእንጀራ ልጅ፦
እኔ ከሌላኛው በኩል ነኝ፣ እናቴ ስትሞት 12 አመቴ ነበር አባታችን 3 ልጅ ያላት ሴት አገባ፣ አሁን 31 ነኝ። ክረምት ይሁን የሚለው ይስማማኛል፣ እየሄዳችሁ ዋሉ የሚለው ግን አይዋጥልኝም። እኛን በየእሁዱ ንጹህ ልብስ አልብሰው ሳሎን ፊት ለፊት ያስቀምጡን ነበር፣ ዶሮ ይሰራል፣ ሁላችንም ጨዋ ነን፣ ዝም። በዛ ማንም ከማንም ጋር አልተዋወቀም። የተዋወቅነው ቤት የገባን ሳምንት ውሃ ጠፍቶ ሰባታችንም ጀሪካን ይዘን ስንሰለፍ ነው። ስለዚ እንግዳ አታርጊያቸው፣ ስራ ያለበት ቀን ውሰጃቸው፣ በርበሬ ሲቀነጠስ፣ ቤት ሲቀባ።

የእንጀራ እናቴ (አሁንም እቴ ነው የምላት) አንድም ቀን እማ በሉኝ አላለችንም። የእናቴን ፎቶ ከሳሎን አላወረደችም፣ ለበዓል ቤት ሲጸዳ ራሷ ወልውላ እዛው ትሰቅለዋለች። ይሄን ያየሁት ልጅ ሆኜ ነው እስካሁን አልረሳውም። ሌላው ስጋ ነው፣ ትስቁ ይሆናል ግን የእንጀራ ልጅ የማይቆጥረው ነገር የለም፣ ለማን ስንት ቁራጭ ወጣ፣ የማን አጥንት የማን ስጋ። እቴ ወጡን አታወጣም ነበር፣ ጭልፋውን ለአንዱ ልጅ ትሰጥና የሚያወጣው ራሱ መጨረሻ ላይ ይወስዳል፣ በየተራ ነው። በዚህ ምክንያት የተጣላ የለም።

ልጅሽን "አሁን አባት መጣልህ እረፍ" እንዳትዪው፣ ተባረርክ እንዳልሽው ነው የሚሰማው። ሰውየው ብልህ ከሆነ ራሱ ደሴ ይምጣና ልጁን "ይሄ ቤት ምን ያፈስሳል፣ ምን ይጠገን" ብሎ ይጠይቀው፣ አብረው ቆርቆሮ ላይ ይውጡ። ልጁ የዘንድሮ ትምህርቱን ደሴ ይጨርስ ግን ብቻውን ቤት እንዳትተዪው ልለምንሽ፣ 15 አመት ክፉ ነው፣ አያቱ ወይ አጎቱ ጋር ይሁን።

ሀጂ ከሸዋበር፦
ልጄ፣ የወጣቶቹን ምክር አንብቤዋለሁ ጥሩ ነው ግን አንድ ነገር ዘለሉ። የእንጀራ ወንድምና እህት በኒካው ምክንያት መህረም (መጋባት የማይፈቀድላቸው ዘመድ) አይሆኑም፣ ያንቺ የ15 አመት ልጅና የእሱ የ19 አመት ልጅ አጅነቢ (ባዳ) ናቸው። አንቺ ለወንዶች ልጆቹ፣ እሱም ኒካው ከጸናና አብራችሁ ከኖራችሁ በኋላ ለሴት ልጆችሽ መህረም ትሆናላችሁ፣ ልጆቹ እርስ በርስ ግን አይሆኑም። ስለዚህ ክፍል ስታስቡ ከዚህ ተነሱ። የደረሱት ወንዶች ሰርቪስ ቤት ይደሩ፣ ሴቶቹ ዋናው ቤት፣ ያቺ ልጅ በገዛ ቤቷ ሌት ተቀን በሻሽ አትጨነቅ። በእኔ በኩል ይሄ ካልተስተካከለ ኒካው ይቆይ።

ሌላ፣ የደሴውን ቅሬ (እድር) እንዳትተዪ፣ ኮምቦልቻም ግቢ የደሴውንም ክፈዪ። ሟች የተቀበረው በዚያ ቅሬ ነው፣ ጎረቤት ያንቺን ፊት ለቀብር ካላየ ነገ ልጆችሽ ሲመለሱ እንግዳ ይሆናሉ። የሟች ወንድሞችን ደግሞ ጥሪና አስቀምጪ፣ ሽማግሌም ይኑር፣ ቁጣቸው ግማሹ የወንድማቸው ልጆች እንዳይርቋቸው ነው። ግማሹን አላህ ያውቃል።

ጥብቅና ተራ፦
የሀጂ "ግማሹን አላህ ያውቃል" ያሉትን ልሙላ፣ ግማሹ ቤቱ ነው። ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ላርዝም።

ቤቱን ከሟች ጋር በጋብቻ ውስጥ የሰራችሁት ከሆነ የጋራ ነው፣ እሱ በሞተ ቀን ግማሹ ያንቺ ሆኗል ይሄ ውርስ አይደለም የራስሽ ድርሻ ነው። የሟች ግማሽ ነው የሚወረሰው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ ኑዛዜ ከሌለ የሚወርሱት ልጆች ናቸው እኩል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅሽ የቤቱን አንድ ስምንተኛ ይይዛል። በስምምነት ሸሪዓ ፍርድ ቤት ብትሄዱ ደሞ አንቺም ከሟች ግማሽ ላይ አንድ ስምንተኛ አለሽ፣ ወላጆቹ በህይወት ካሉ ድርሻ አላቸው፣ ቀሪው ለልጆቹ ወንዱ የሴቷን እጥፍ። ወንድሞቹስ? ሟች ወንድ ልጅ ትቶ ስለሞተ በሁለቱም መንገድ ምንም የላቸውም። ይሄን በቁጣ ሳይሆን ሀጂ ባሉት ሽማግሌ ፊት ተናገሪው።

አሁን ኪራዩ። በክልላችን የቤተሰብ ህግ (አዋጅ 79/1995) ከጋብቻ በፊት የነበረሽ ንብረት የግልሽ ሆኖ ይቀጥላል፣ ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢ ግን የጋራ ነው። ማለትም ያንቺን ግማሽ ኪራይ ከአዲሱ ባልሽ ጋር ትካፈያለሽ፣ የልጆቹ ግማሽ ግን ያንቺም የእሱም አይደለም የእነሱ ነው፣ አንቺ እንደ ሞግዚት ታስተዳድሪላቸዋለሽ እንጂ ለ11 ሰው አስቤዛ አይውልም። "ኪራዩ ለሁላችን" የሚለው እዚህ ጋር ይቆማል። የልጆቹ በስማቸው ባንክ ይግባ።

የጋብቻ ውልም አድርጉ፣ በጽሁፍ፣ ከየወገኑ 2 2 ምስክር። እዛ ላይ ማን ምን ይዞ እንደገባ ይዘርዘር፣ ፍሪጁም ምንጣፉም፣ ምክንያቱም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ነው የሚገመተው። ሁለት የእንጀራ ወንድማማቾች በአንድ ቁም ሳጥን የተካሰሱበት ፋይል ይዤ አውቃለሁ፣ ቁም ሳጥኑ ደሞ በር የለውም። የእንጀራ ልጅም ከእንጀራ አባት ወይ እናት በህግ አይወርስም፣ ለእነሱም ትንሽ ነገር ይድረስ ካላችሁ ኑዛዜ ጻፉ።

የጦሳ ስር፦
ሁላችሁንም አላህ ይስጣችሁ፣ ሀጂ እርስዎንም በጣም ነው የማመሰግነው የመህረሙን ነገር እኔም በልቤ ይዤው ለመናገር አፍሬ ነበር። ሰውየውን በስልክ አናገርኩት። ልጆቹን ክረምት ላይ የሚለውን ወዲያው ተቀበለኝ፣ ሰርቪሱንም ለወንዶቹ አስተካክላለሁ ብሏል። የኪራዩን ስነግረው ግን ትንሽ ዝም አለ፣ ከዛ "የየቲም (የሙት ልጅ) ገንዘብ መሆኑን አላሰብኩትም" አለ። ዝምታው ከንክኖኛል መልሱ ግን ደስ ብሎኛል፣ እናያለን። ልጄ እስካሁን ምንም አላለም፣ አጎቱ ጋር ትሆናለህ ስለው ግን "ቁልፉ እኔ ጋር ከሆነ" አለ። ለልጅቷ ሜሴጅ ልጻፍላት ወይስ በአካል? እና ጠበቃው አንድ ጥያቄ፣ የኮምቦልቻውንም ቤት እኮ ከሟች ሚስቱ ጋር ነው የሰሩት፣ እዛስ እንዴት ነው?

የቦርከና ዳር፦
በአካል እህቴ በአካል፣ አባቷ በሌለበት፣ ማዕድ ቤት ውስጥ እጅሽ ስራ ይዞ።

ጥብቅና ተራ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው አይጠይቀውም። እዛም ያው ነው፣ የእናትየው ግማሽ ለልጆቿ ወርዷል። 5 ስለሆኑ በፍትሐ ብሔር ህጉ ለእያንዳንዳቸው የቤቱ አንድ አስረኛ (በሸሪዓ ከሆነ አባትየውም ከእሷ ግማሽ ሩብ አለው፣ የልጆቹ ይቀንሳል)። ስለዚህ ጀበናውን ከእጅሽ የወሰደችው ልጅ የቤቱ ባለድርሻ ናት፣ 18 ስላለፋት ደሞ በራሷ ትፈርማለች። ሁለቱም ቤት ላይ ከኒካው በፊት የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጡ። ለአንቺ የሞት ማስረጃ፣ የጋብቻ ማስረጃና የ4ቱን ልጆች የልደት ካርድ ይዘሽ ሂጂ፣ ያኔ የተሰጠሽ የኒካ ወረቀት ከጠፋ በኒካው የነበሩ ምስክሮች አዘጋጂ።