«መብት ድልድይ ላይ አይቀርም»? ሽጉጥ ይዞ ከቨርጂኒያ ሜሪላንድ

እመት ሸዋ፦
ትናንት አንድ ወንድማችን እዚሁ የጻፈው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። «የቨርጂኒያ ፈቃድ ካለህ ሜሪላንድም ዲሲም ይዘህ ግባ። መብት ድልድይ ላይ አይቀርም» ይላል። ስንቱ ወጣት ላይክ አድርጎታል! ሜሪላንድ የሌላ ስቴት ፈቃድ አይቀበልም። ዲሲም አይቀበልም። ዲሲ ውስጥ የከተማው ፈቃድ ሳይኖር ሽጉጥ ታጥቆ መገኘት እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ይሄን ሳይናገሩ «ግባ» ማለት የሰው ልጅ ገደል መክተት ነው።

አባ ዳኘው (አሌክሳንድሪያ)፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ። አላጠፋውም። ፈቃዴን የሰጠኝ የቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ነው፤ መርምሮ፣ ሥልጠናዬን አይቶ። ከሥራ የምወጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። የዕለቱ ገንዘብ እጄ ላይ ነው። የውድሮው ዊልሰንን ድልድይ ስሻገር ምኔ ተለወጠ? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 በብሩን ጉዳይ 6 ለ3 ወስኗል፤ ከቤት ውጭ ታጥቆ መሄድ ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው። ሜሪላንድ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ትበልጣለች?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ወንድሜ፣ ውሳኔውን እስከ መጨረሻው አንብበው። ፍርድ ቤቱ «ፈቃድ አትጠይቁ» አላለም። የሻረው የኒውዮርክን «ከሌላው ሰው የተለየ ምክንያት ካላቀረብክ አንሰጥህም» የሚል ሕግ ነው። ሜሪላንድም ያንን የመሰለውን መስፈርቷን እዚያው ዓመት ተወች። አሁን የ16 ሰዓት ሥልጠና ወስደህ፣ አሻራ ሰጥተህ ታመለክታለህ። የቨርጂኒያ ነዋሪም ማመልከት ይችላል። በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ በመስኮት ለምን ትገባለህ?

አባ ዳኘው፦
16 ሰዓት ለሜሪላንድ። ሌላ ለዲሲ። ነገ ኒውጀርሲ ዘመድ ቢሞትብኝ ደግሞ ሌላ። ለእያንዳንዱ ክፍያ፣ ለእያንዳንዱ ከሥራ መቅረት። ይሄ በር ለሀብታም ነው የተከፈተው። መንጃ ፈቃዴ ካሊፎርኒያ ድረስ ይሠራል። የጋብቻ ወረቀቴ ይሠራል። ይሄኛው ብቻ ወንዝ ሲሻገር ለምን ወረቀት ይሆናል? ደግሜ እላለሁ፣ መብት ድልድይ ላይ አይቀርም።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ስለ ድልድዩ ካነሳህ አይቀር፣ እሱ ድልድይ ላይ ሦስት ሕግ አለ። ከቨርጂኒያ ተነስተህ መሀል ላይ ትንሽ የዲሲ ክልል ትነካለህ፤ ከዚያ ሜሪላንድ ነህ። ፖሊስ መሀሉ ላይ ቢያስቆምህ የትኛው ዳኛ ፊት ነው «መብት ድልድይ ላይ አይቀርም» የምትለው?

የጭነቱ ልጅ፦
እኔ ትራክ ነው የምነዳው። ከአትላንታ እስከ ኒውጀርሲ። እናንተ ስለ አንድ ድልድይ ታወራላችሁ፤ እኔ በአንድ ጉዞ ስንት ዓይነት ሕግ አልፋለሁ። ጆርጂያ ከ2022 ጀምሮ ፈቃድ እንኳ አይጠይቅም። ከዚያ ወደ ሰሜን በወጣሁ ቁጥር ይጠብቃል። ጭነት ማረፊያ ውስጥ ብቻዬን የማድር እኔ ነኝ፣ ሕጉን የሚያወጣው ሰው አይደለም። በጣም ነው የምቃወመው። ግን ሜሪላንድ ሳልገባ ጥይቱን አወጣለሁ፣ ሽጉጡን በሳጥን እቆልፋለሁ። የ1986ቱ የፌዴራል ሕግ የሚለው ይሄንን ነው፤ በተነሳህበትም በምትደርስበትም መያዝ የተፈቀደልህ ከሆንክ፣ ሽጉጡ ጥይት ካልጎረሰ፣ እጅህ ከማይደርስበት ቦታ ከተቆለፈ፣ በመሀል ያለውን ስቴት ማለፍ ትችላለህ። ክሩስኮት ውስጥ ማስቀመጥ አይቆጠርም።

እመት ሸዋ፦
ተባረክ ልጄ። እንዲህ ያለ ሰው ይናገር።

አባ ዳኘው፦
እትዬ፣ ለማለፍ ብቻ ነው እኮ የሚሠራው! እኔ ሜሪላንድ የምሄደው ለማለፍ አይደለም። ሥራዬ እዚያ ነው። ደግሞ ያንን ሕግ አምኖ የተጎዳ ሰው አለ። በ2005 አንድ የዩታ ሰው ኒዋርክ ላይ በረራው ዘግይቶ ጉዞው ተቋረጠበት። ሻንጣውን ይዞ ሆቴል አደረ። በማግስቱ ኤርፖርት ሄዶ በሐቀኝነት «ሻንጣዬ ውስጥ ሽጉጥ አለ» አለ። አሰሩት። ክሱ ተነሳለት፤ ቆይቶ ስለ እስሩ ሲከስ ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2010 አልተቀበለውም። ሆቴል ሲያድር ሻንጣው እጁ ላይ ነበር ተባለ። ሕግ ያከበረ ሰው ይሄ ነው የደረሰበት።

ሚሚ ዘ ቤተልሔም፦
እንግዲህ እሱ ሻንጣ ውስጥ ቆልፎ፣ ራሱ ተናግሮ ያ ከደረሰበት፣ አንተ ወገብህ ላይ አድርገህ ምን ሊደርስብህ ነው? ለኛ ያመጣኸው ምሳሌ አንተኑ ይመልስልሃል።

አባ ዳኘው፦
ሕጉ ክፉ መሆኑን ነው የሚያሳየው። ክፉ ሕግ ዝም ብለህ ስትታዘዘው ይኖራል። ሮዛ ፓርክስ ታዝዛ ቢሆን ኖሮ እኛ ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ የት ነበር የምንቀመጠው?

ሚሚ ዘ ቤተልሔም፦
ሮዛ ፓርክስን ተዋት! ሮዛ በአደባባይ ነው እምቢ ያለችው። ሰው ሁሉ እያያት። ልትታሰር እንደምትችል እያወቀች። አንተ ጃኬት ስር ደብቀህ «ባይዙኝ ጥሩ» እያልክ ነው የምትሻገረው። ተቃውሞ ከሆነ ሜሪላንድ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ሄደህ ንገራቸው። እንደዚያ ካላደረግክ ለራስህ ምቾት ነው፣ የሕዝብ ትግል አታድርገው።

አባ ዳኘው፦
ሌሊት ተዘርፈሽ አታውቂም።

ሚሚ ዘ ቤተልሔም፦
ምን እንደደረሰብኝ አታውቅም። እዚያ አትግባ።

የጭነቱ ልጅ፦
ጎበዝ፣ ወደ ነገሩ እንመለስ። የፊላደልፊያዋ እናት ጉዳይ ትዝ ይላችኋል? ሁለት ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ። ሁለት ጊዜ ተዘርፋ ነው ሽጉጥ የገዛችው። የፔንስልቬንያ ፈቃድ ነበራት። በ2013 ኒውጀርሲ ውስጥ ፖሊስ አስቆማት፤ «ፈቃድ አለኝ፣ ሽጉጥ ይዣለሁ» አለች። ራሷ ናት የተናገረችው። ቢፈረድባት ከ3 ዓመት ተኩል በታች የማይወርድ እስር ነበር የሚጠብቃት። በ2015 ገዥው ክሪስ ክሪስቲ ይቅርታ እስኪያደርጉላት ድረስ ኑሮዋ ተመሰቃቅሎ ነበር። እሷን ባሰብኩ ቁጥር ነው ሳጥኑን የምቆልፈው።

አባ ዳኘው፦
በሷ ምክንያት ምን እንደመጣ ለምን አትጨምርም? የኒውጀርሲ ዋና አቃቤ ሕግ በ2014 ከሌላ ስቴት የመጣ ቅን ሰው ላይ እንዳይጨክኑ ለአቃቤ ሕጎች አዲስ መመሪያ አወጣ። አንድ ሰው ስለተጎዳ ሕጉ ላላ። እኔም የምለው ይሄንን ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
እሷ አላወቀችም ነበር! ሰው ያዘነላት ባለማወቋ ነው። አንተ ግን አውቀህ፣ እዚህ በጽሑፍ «ግባ» ብለህ ነው የምትሻገረው። አቃቤ ሕግ ይሄን ጽሑፍህን ቢያይ «ቅን መንገደኛ» ይልሃል?
ደግሞ ሕግ ያስቀየሩትን ሰዎች እስቲ እያቸው። በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላይ ዲሲን ያሸነፈው ሄለር የጥበቃ ሠራተኛ ነበር። ሽጉጡን ለማስመዝገብ አመለከተ፣ ተከለከለ፣ ከሰሰ። የብሩን ጉዳይ ከሳሾችም እንዲሁ፤ ኒውዮርክ ላይ ፈቃድ ጠየቁ፣ ተከለከሉ፣ ከሰሱ። ማንም ደብቆ ይዞ ድልድይ አልተሻገረም። አንተ ዛሬ የምትጠቅሰውን መብት ያመጡልህ ሕጉን እየተቃወሙ ያከበሩት ናቸው።

አባ ዳኘው፦
ለጠበቃ የከፈለላቸው ሌላ ነበር። የኔ ጠበቃ ማን ነው? ሄለር እስኪፈረድለት ዓመታት ፈጀ። እነዚያን ዓመታት ሌሊት ሌሊት ማን ይጠብቀኝ?

እመት ሸዋ፦
አንድ ነገር ልጨምርና ዝም እላለሁ። እዚህ የሚያነቡት ሁሉ ዜጎች አይደሉም። ስንቱ ገና ግሪን ካርድ ላይ ነው። በኢሚግሬሽን ሕጉ መሣሪያ በሕገወጥ መንገድ ይዞ መፈረድ ብቻውን ከአገር ያስወጣል። ሰው አልተተኮሰበትም፣ ማንም አልተጎዳም፣ ወረቀት ስላልነበረ ብቻ። አባ ዳኘው ዜጋ ከሆንክ አንተ ታስረህ ትወጣለህ። የአንተን ጽሑፍ ያነበበው ልጅ ግን እናቱን ያስመጣበትን ወረቀት ነው የሚያጣው። ስለዚህ አንተ መብትህ ነው ብለህ ብትሄድ ሂድ፣ ሌላውን «ግባ» አትበል። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ማሜ (ሌስበርግ)፦
እትዬ ልክ ናቸው። ሌላም አለ። ብዙዎቻችን ኡበርና ሊፍት ነው የምንሠራው። ኩባንያዎቹ ራሳቸው በደንባቸው ሽጉጥ ይከለክላሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሕጋዊ ብትሆንም ካወቁብህ አካውንትህን ይዘጋሉ።

አባ ዳኘው፦
እኔ ኡበር አልሠራም። እትዬ፣ አከብርዎታለሁ፤ ግሪን ካርድ ያላቸው እንዲጠነቀቁ ልጽፍ እችላለሁ። «መብት ድልድይ ላይ አይቀርም» ያልኩትን ግን አላነሳም።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
አታንሳው። ከስሩ ግን «ይህን ያነበበ ቢታሰር ዋሱም የጠበቃ ከፋዩም እኔ ነኝ» ብለህ ጻፍበት።

አባ ዳኘው፦
ፈሪ ስብስብ። አያቶቻችን ጠመንጃቸውን ታጥቀው ነው ገበያም ቤተ ክርስቲያንም የሚሄዱት።

ሚሚ ዘ ቤተልሔም፦
አያቴ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጠመንጃውን ውጭ ለሰው ሰጥቶ ነበር የሚገባው። አንድም ቀን «ቄሱ መብቴን ገፈፉኝ» ሲል አልሰማሁም።

የጭነቱ ልጅ፦
መፍትሔው ኮንግረስ ነው። የአንዱ ስቴት ፈቃድ በሌላው ይሥራ የሚለው ረቂቅ በታኅሣሥ 2017 የተወካዮች ምክር ቤቱን 231 ለ198 አልፎ ነበር። ሴኔት ላይ ቀረ። አባ ዳኘው፣ ለቨርጂኒያ ሴናተሮችህ ደውለሃል? እኔ ለኔዎቹ ደውያለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
እሱን ረቂቅ እኔ እቃወማለሁ። ፈቃድ የማይጠይቅ ስቴት ያለው ሰው የኛ ሰፈር መጥቶ ያለ ምንም ሥልጠና ይታጠቅ ማለት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ልጅ የማሳድገው እኔ ነኝ፣ ድምፅ የሰጠሁትም ለሜሪላንድ ሕግ ነው።

የጭነቱ ልጅ፦
አሃ! እስካሁን «ሕጉን አክብር፣ በሕግ አስቀይር» ስትለን ቆየህ። በሕግ ሊቀየር ሲል ደግሞ ትቃወማለህ?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
መቃወምም በሕግ ነው። ከፀደቀ አከብረዋለሁ። እሱ እኮ ነው ከአባ ዳኘው ጋር ያለን ልዩነት።

አባ ዳኘው፦
ባለፈው ስለ ማሪዋና ስንከራከር ግን «የፌዴራሉን ሕግ ተዉት፣ ስቴቱ ከፈቀደ ይበቃል» ያልከው አንተ አይደለህም? ፈልጌ አመጣዋለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
አምጣው። ያልኩት እንደዚያ አይደለም።